አደይ የትኛዋ ናት?

ጳጉሜን 5፣ ከሰዓት በኋላ። ከጎንደር ተነስቶ ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ የወገራን ሜዳ ሲይዝ ግራና ቀኙ ቢጫ ይለብሳል። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ ባቄላው አበባ ላይ ነው። ቢጫውን ግን የዘራው የለም። ክረምቱን ሙሉ በማሳ ዳር፣ በድንበር ላይ፣ በእዳሪው መሬትና በድንጋይ ካቡ ሥር ሣር መስሎ ይከርምና ሰማዩ ጠራ ሲል ባንድ ጊዜ ይፈነዳል።

ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ደጃፍ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬና ንብ አርቢ ናቸው። ሁለተኛዋ የእህታቸው ልጅ ስትሆን ጎንደር ከተማ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ለዘመን መለወጫ ነው የመጣችው። ሦስተኛዋ የመምህሯ ልጅ ናት፣ አሥር ዓመቷ። ከሠፈሩ ልጃገረዶች ጋር እንግጫ ነቀላ ወርዳ እየዘፈነች ነው የተመለሰችው። በአንድ እጇ ለምለሙን እንግጫ፣ በሌላው አንድ እቅፍ ቢጫ አበባ ይዛለች። ነገ ጠዋት ተጎንጉኖ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ይታሰራል።

«እማ፣ አደይ አመጣሁ!»

መምህሯ እቅፉን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ሰባት ዘንግ ነው። እያገላበጠች አምስቱን ወደ ቀኝ፣ ሁለቱን ወደ ግራ አደረገች።

«እነዚህ አምስቱ አደይ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ግን መጭ ናቸው።»

የልጅቷ ፊት ጨለመ። «ሁሉም ቢጫ ነው እኮ!»

ሽማግሌው ሳቁ። «ተያት እባክሽ! ቢጫ ቢጫ ነው። ንቦቼም አደይ ነሽ መጭ ነሽ ብለው አይጠይቁ።»

«ንብ ባይጠይቅ ገበሬ ይጠይቃል፣ ጋሼ። አንቱ ከኑጉ ማሳ ውስጥ መጭ ሲነቅሉ ተሳስተው ኑጉን ነቅለው ያውቃሉ?»

«ኧረግ! ኑግና መጭን ያልለየ ምኑን ገበሬ ሆነ?»

«በምን ይለዩታል?»

ሽማግሌው እጃቸውን አወናጨፉ። የሚያውቁትን ነገር በቃል ማስረዳት ለብዙ ሰው አስቸጋሪ ነው፤ እጅ የሚያውቀውን አፍ ሁልጊዜ አያገኘውም። «በመልኩ ነዋ» አሉ በመጨረሻ። «መጭ ሸካራ ነው። ኑግ ለስለስ ይላል።»

ንግግራቸው ከተጻፈው ጋር ይስማማል። መጭ በሳይንሳዊ ስሙ ጉይዞቲያ ስካብራ ይባላል፤ «ስካብራ» የላቲን ቃል ሲሆን ሻካራ ማለት ነው። ኑግ ደግሞ ጉይዞቲያ አቢሲኒካ ነው። ሁለቱ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። ወገኑን እ.ኤ.አ. በ1829 በዚህ ስም የጠራው ካሲኒ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን ስሙ የተወሰደው ከፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊና ፖለቲከኛ ፍራንሷ ጊዞ ነው። የጎንደር ገበሬ በየዓመቱ የሚዘራው ኑግና ከውስጡ የሚያርመው መጭ ሁለቱም የፓሪስ ምሁር ስም ተሸክመው ይኖራሉ ማለት ነው። አደይ ግን ከእነርሱ ወገን አይደለችም።

መምህሯ አንድ የመጭና አንድ የአደይ ዘንግ ጎን ለጎን ያዘች። «ነይ፣ አበባውን እርሽው። ቅጠሉን እይ።»

የመጩ ቅጠል ያልተሰነጠቀ፣ እንደ ጦር ጫፉ የሾለ፣ ያለ ምንም እጀታ ግንዱን ያቀፈ ነው። ጣት ሲያርፍበት ይቧጭራል። የአደይዋ ቅጠል እስከ መሃል አጥንቱ ድረስ ተሰነጣጥቋል፤ ከሩቅ ለሚያየው የድንብላል ቅጠል ይመስላል። በሁለቱም ላይ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ።

«አሁን አበባውን ገልብጭውና ከሥሩ እይ። ሰው ሁሉ ከላይ ነው የሚያይ፤ መታወቂያው ግን ከሥር ነው።»

ልጅቷ ገለበጠችው። በመጩ አበባ ሥር አምስት ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች እንደ ሰሃን ተዘርግተዋል። በአደይዋ ሥር ግን ሁለት ዓይነት ረድፍ አለ፤ በውጪ በኩል ቀጫጭን አረንጓዴ ቅጠሎች፣ በውስጥ በኩል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ሽፋኖች።

«ሁለት ልብስ ደርባለች» አለች ልጅቷ።

«አዎ። ደጋ አይደል የምትኖረው!» አሉ ሽማግሌው።

መምህሯ ከቦርሳዋ ትንሽ አጉሊ መነጽር አወጣች። ቀጥሎ የሆነውን ማንም ሰው መስከረም ላይ በደጁ ሊሞክረው ይችላል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የአደይዋን ራስ በጥፍሯ ለሁለት ሰነጠቀችና ለልጅቷ ሰጠቻት።

«ስንት አበባ ይታይሻል?»

«አንድ። ግማሽ አደረግሽው እንጂ።»

«ደግመሽ እይ።»

መነጽሩ ሥር መሃሉ ቢጫ ምንጣፍ መሆኑ ይቀራል። ቁጥራቸው ብዙ የሆነ ደቃቃ ቱቦዎች ጥቅጥቅ ብለው ቆመዋል። እያንዳንዱ ቱቦ ጫፉ ላይ አምስት ከንፈር አለው፤ እያንዳንዱ የራሱ ወንዴ፣ የራሱ ሴቴ፣ ከሥሩም የራሱ ዘር አለው። እያንዳንዱ ለብቻው አበባ ነው። «ቅጠል» ወይም «ገጽ» እያልን አንድ በአንድ የምንነቅላቸው የዳር ቢጫዎችም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አበባዎች ናቸው። እናም አንዲት አደይ ብለን የምንቀጥፋት አንድ አበባ አይደለችም፤ ጉባኤ ናት።

«ግን የዳሮቹ ዘር አይሰጡም» አለች መምህሯ። «በአደይ ወገን የዳር አበቦች መካን ናቸው። ሥራቸው መታየት ብቻ ነው። ንቧን ከሩቅ ይጠሯታል፣ የመሃሎቹ ያስተናግዷታል።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «ሚዜ ናቸዋ! ያማረውን የለበሱት ሚዜዎቹ፣ የሚያገቡት ሌሎቹ!»

«ከዚህ የተሻለ አድርጌ ክፍል ውስጥ አላስረዳሁም።»

«መጭስ?»

«በመጭ ሚዜዎቹም ይወልዳሉ። የመጭና የኑግ የዳር አበቦች ሴቶች ናቸው፤ ዘር ይይዛሉ።»

«እንግዲህ እሱ ሰርግ አይደለም» አሉ ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ።

የሰርጉ ሥርዓትም በደንብ ቢታይ ያስደንቃል። የመሃል አበቦች የሚከፈቱት ከዳር ወደ ውስጥ፣ በዙር ነው፤ ስለዚህ አንዲት አደይ ለቀናት ንቧን የምትቀበል ገበታ ሆና ትቆያለች። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ አምስት ወንዴዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው ሌላ ትንሽ ቱቦ ሠርተዋል። ብናኛቸውን የሚያራግፉት ወደዚያው ወደ ውስጥ ነው። ሴቴዋ ከሥር ስታድግ ያንን ብናኝ እንደ ጠመንጃ ማጽጃ ዘንግ እየገፋች ወደ ላይ ታወጣዋለች። በዚያን ጊዜ ጫፏ ገና ዝግ ነው፤ የራሷን ብናኝ አትቀበልም። ንብ መጥታ ብናኙን ከወሰደች በኋላ ጫፏ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ውጪ ይገለበጣል፤ አሁን ከሌላ አበባ የመጣ ብናኝ ለመቀበል ዝግጁ ናት። መጀመሪያ ሰጪ፣ ቀጥሎ ተቀባይ። ይህ ዘዴ የአደይ ብቻ አይደለም። ከ20 ሺህ በላይ ዝርያዎች ያሉት መላው ቤተሰቧ የሚኖርበት ሕግ ነው። ግራዋ ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ ኑግ፣ ሱፍና ሰላጣም እንዲሁ።

ልጅቷ ግን ስልክ አውጥታ ነበር። አበባ ፎቶ ሲነሳ ስም የሚናገር መተግበሪያ አላት። ስክሪኑን ለእናቷ አሳየቻት። «ማሪጎልድ ነው ይላል። የዱር ማሪጎልድ።»

«ስልክሽ ተሳስቷል።»

«ስልክ አይሳሳትም።»

«ነይ ተከተይኝ።»

መምህሯ ልጇን ይዛ ከአጥሩ ጀርባ፣ ወደ መንገዱ ዳር ወጣች። ከልጅቷ በላይ የረዘመ፣ ቀጥ ያለ፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለ አረም ቆሟል። አንድ ቅጠል ቀጥፋ በጣቶቿ አሸችና ለልጇ አፍንጫ አቀረበችው።

«ውይ!»

«ማሪጎልድ የሚባለው ወገን ይሄ ነው። የዱሩ፣ ታጌትስ ሚኑታ።»

ሽታው ብርቱካን ልጣጭ የተቀላቀለበት መድኃኒት ይመስላል፤ አንዴ ከእጅ ላይ ካረፈ ቶሎ አይለቅም። ቅጠሉ ወደ ብርሃን ሲያዝ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ይታዩበታል፤ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። አበባው ደግሞ ጠባብ፣ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥ ያለ ቱቦ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ገርጣ ያሉ ቢጫ ገጾች ብቻ ብቅ ይላሉ። ከሥሩ ያሉት አረንጓዴ ሽፋኖች እንደ አደይ የተለያዩ ሳይሆኑ ተጣብቀው አንድ ከረጢት ሆነዋል። ዘሩ ጥቁርና ቀጭን ነው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ሚኑታ» ማለትም «ትንሿ» ብሎ የጠራት በአበባዋ ማነስ ይሆናል እንጂ ቁመቷ ሁለት ሜትር ይደርሳል።

«ማን ይላታል ያገሬው ሰው?» ብላ ጠየቀች መምህሯ ስትመለስ።

«እኛ ያች የምትሸተው ነው የምንላት» አሉ ሽማግሌው። «ከብት አይበላት።»

የትውልድ አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው። ዛሬ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ደጋዎች ሁሉ የእርሻ አረም ሆናለች። ጥቅም የላትም ማለት ግን አይደለም። ዘይቷ ተጣርቶ ለሽቶ ሥራ ይሸጣል፤ ሥሯ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ የሥር ትሎችን ስለሚያዳክም አትክልት አምራቾች በየአገሩ ይፈልጓታል፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ቅጠሏ ትንኝና ቁንጫ ለማባረር ያገለግላል። በከተማ ግቢዎች የሚተከሉት ድርብርብ ብርቱካንማ ማሪጎልዶችም እህቶቿ ናቸው፤ እነርሱ ከሜክሲኮ ነው የመጡት። ከአደይ ጋር የሚያገናኛቸው ያ ሰፊው ቤተሰብ ብቻ ነው። ስልኩ የተሳሳተው ምናልባት ቢጫ ሲያይ የሚያውቀውን ስለጠራ ነው። ሰውም እንዲሁ ያደርጋል።

«ታዲያ የአደይ ስሟ ማን ነው?» አለች ልጅቷ አኩርፋ።

እዚህ ላይ መምህሯ ትንሽ አመነታች። መልሱ አጭር አይደለም፤ አደይ አንዲት አይደለችማ።

በኢትዮጵያ ደጋ ላይ መስከረም ሲጠባ የሚፈነዱት፣ ሰው ሁሉ «አደይ» ብሎ የሚጠቀልላቸው ቢጫዎች ቢደንስ ከሚባል ወገን የሆኑ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። ቢደንስ ማክሮፕቴራ አለች፣ ቢደንስ ፓኪሎማ አለች፣ ቢደንስ ፕሬስቲናሪያ አለች፤ ሌሎችም አሉ። አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ እምብዛም አይታወቁም። በመልክ እጅግ ይመሳሰላሉ። ያለ ፍሬያቸው ለመለየት ባለሙያም ይቸገራል፤ ፍሬው ደግሞ የሚደርሰው በዓሉ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ወደ ኅዳር ነው። በእንቁጣጣሽ ዕለት አደይ የያዘ ሰው የትኛዋን አደይ እንደያዘ አለማወቁ ስለዚህ አያስወቅሰውም።

«ቢደንስ ምን ማለት ነው?»

«ሁለት ጥርስ።»

«ትነክሳለች?»

«አንቺን የነከሰችሽ ዘመዷ ናት። ቀሚስሽን እይው።»

የልጅቷ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ጥቋቁር መርፌዎች ተሰክተዋል። ጨጎጊት ነው፣ ቢደንስ ፒሎሳ፤ ነጭ ገጽ ያላት ወይም ጨርሶ ገጽ የሌላት፣ በየጓሮው የምትበቅለው። መምህሯ አንዱን መርፌ ነቅላ በመነጽሩ አሳየቻት። ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ጥርስ አለው፤ እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የዞሩ ደቃቅ መንጠቆዎች አሉ። መግባት ይቀላል፣ መውጣት ይከብዳል። ወገኑ ሁሉ በዚህ ጥርስ ስም ተጠራ።

«አደይም እንዲህ ትሰካለች?»

«ሁሉም እኩል አይሰኩም። አንዳንዶቹ ሌላ ነገር ለምደዋል። ማክሮፕቴራ ማለት ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ነው፤ ፍሬዋ ጠፍጣፋ ሆኖ ግራና ቀኙ ስስ ክንፍ አለው። ፓኪሎማ ደግሞ ጠርዘ ወፍራም። ስማቸውን ያገኙት ከአበባቸው አይደለም። ስም አውጪዎቹ ያዩት ፍሬውን ነው።»

«ስም አውጪዎቹ እነማን ናቸው?» ሽማግሌው አሁን ጆሯቸውን ሰጡ። «ያገራችንን አበባ ማን ስም ሰጣት?»

ይህን ታሪክ መምህሯ ትወደዋለች፤ ከስሜን ጋር የተያያዘ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1837 ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ዕፅ ሰብሳቢ አድዋ ገባ። ትግራይንም ስሜንንም የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ፤ ሰውየው ከእሳቸው ጋር ተወዳጅቶ የእንጢጮን አገር እስከ ማስተዳደር ደረሰ። በትግራይና በስሜን ተራሮች እየተዘዋወረ የለቀማቸውን ዕፅዋት በወረቀት መሃል አድርቆ፣ ቁጥር ሰጥቶ ወደ ጀርመን ይልክ ነበር። ኤስሊንገን ከተማ የነበረ አንድ ማኅበር እየተቀበለ በደንበኝነት ለከፈሉት የአውሮፓ ተመራማሪዎች ያከፋፍልለታል። ሺምፐር ተመልሶ አልሄደም፤ እ.ኤ.አ. በ1878 እዚያው አድዋ አረፈ።

ሺምፐር ከላካቸው መካከል የአደይን ቤተሰብ ዕፅዋት ከመረመሩት አንዱ ሹልትስ የተባለ ሐኪም ነው። ሌሎች ሹልትሶች ስላሉ ራሱን በትውልድ ከተማው «ቢፖንቲኑስ» ብሎ ለየ፤ ትርጉሙ የሁለት ድልድይ ሰው ማለት ነው። የሁለት ድልድዩ ሰው ከሁለት ጥርሷ ወገን ለማክሮፕቴራ ስም አወጣላት። ስሙን ለኅትመት ያበቃው ግን በኋላ የመጣው ጣሊያናዊው ኪዮቬንዳ ነው።

«ኢትዮጵያዊ የለበትም?»

«አለበት እንጂ። የማክሮፕቴራ ሙሉ ስም ሲጻፍ መጨረሻ ላይ ‹መስፍን› የሚል አለ።»

መስፍን ታደሰ ይባላሉ፤ የዕፅዋት ተመራማሪ ናቸው። ከእርሳቸው በፊት የአፍሪካ ቢደንሶች ጉዳይ ዝብርቅርቅ ያለ ነበር። አንዱ ተመራማሪ ቢደንስ ያለውን ሌላው ኮሪዮፕሲስ ይለዋል፤ አንዱ ዝርያ በሦስት በአራት ስም ይመዘገባል። መስፍን በየአገሩ ክምችት ያሉትን ደረቅ ናሙናዎች አንድ በአንድ እያገላበጡ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ቢደንሶችን መልክ አስያዙ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1984 በኡፕሳላ ታተመ። በ1993 ደግሞ መላውን አፍሪካ አጠቃለሉ። ቀላል ሥራ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ የበርሊን የዕፅዋት ክምችት በቦምብ ሲቃጠል ሺምፐር ከኢትዮጵያ ከላካቸው ናሙናዎች ብዙዎቹ አብረው ነደዋል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ አራተኛ ቅጽ ሁለተኛ ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ የአደይን ቤተሰብ የያዘው፣ የእርሳቸው ብዕር ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። አደይን በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መክፈት ያለበት እርሱን ነው።

ሽማግሌው ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ ተነስተው ወደ ቀፎዎቻቸው አመለከቱ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከግራዋው ሥር፣ በእበት የተለሰኑ ስድስት ቀፎዎች ተደርድረዋል። ሁለት የሳጥን ቀፎዎችም አሉ።

«እኔ ስሟን ላላውቅ እችላለሁ። ማሯን ግን አውቃታለሁ። የአደይ ማር ቢጫ ነው፣ ቶሎ ይረጋል። የምቆርጠው በጥቅምት መጨረሻ፣ በኅዳር ነው። አደይ ያልበዛችበት ዓመት ቀፎው ይቀላል።»

ይህም ከተጻፈው ጋር ይገጥማል። ራይንሃርድ ፊችትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት የኢትዮጵያ የማር ንብ ዕፅዋት መጽሐፍ የቢደንስ ዝርያዎችን ከንብ ምግቦች ጋር መዝግቧል። ክረምቱን ተርቦ የከረመ የንብ መንጋ ዝናቡ ሲያባራ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰፊ ገበታ ይኸው ቢጫው ሜዳ ነው፤ አደይ፣ መጭ፣ ቀጥሎ ኑግ። ንቧም ያለ ዋጋ አትበላም። ኑግ በራሱ ብናኝ ዘር አይዝም፤ ከሌላ ተክል የመጣ ብናኝ የግድ ያስፈልገዋል፣ አመላላሿ ደግሞ ንብ ናት። አደይ ንቧን እስከ ኑጉ ድረስ ታቆይለታለች ማለት ነው። የኑግ ገበሬ አደይን እንደ አረም ብቻ ማየቱ ስለዚህ ሒሳቡን ያጎድልበታል።

«አሁን ግን እየቀነሰች ነው» አሉ ሽማግሌው።

መምህሯ ወደ ልጇ ዞረች። «ሰማሽ? ለዚህ ነው ከነሥሯ አትንቀያት የምልሽ። ዘር ሳታፈራ ከነቀልሻት ለከርሞ አትኖርም። እንደ ጅብራ አይደለችም።»

«ጅብራ ምንድን ነው?»

«ስሜን ስንሄድ ያየሽው፣ እንደ ምሰሶ የቆመው። እሱም የሚያብበው አንዴ ነው፣ ከዚያ ይሞታል። ግን ለዚያች አንድ አበባ ብዙ ዓመት ይጠብቃል። አደይ በአንድ ክረምት ትጨርሰዋለች። ሰኔ በቅላ፣ መስከረም አብባ፣ ኅዳር ዘርታ ትሞታለች። ለከርሞ የሚቀረው ዘሯ ብቻ ነው።»

«አይ ልጄ!» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሕፃኗን አትውቀሽብኝ። ልጃገረድ አደይ ስትቀጥፍ እኮ ዛሬ አልጀመረችም። እናቴም ቀጥፋለች፣ አያቴም ቀጥፋለች። አደይ በልጅ እጅ አታልቅም።»

«ታዲያ በማን እጅ ነው የምታልቅ?»

«በቱፎርዲ።»

ደጃፉ ላይ ጸጥታ ሆነ። በደጋው ገበሬ ዘንድ ይህን ስም የማያውቅ የለም። ፀረ አረም መድኃኒት ነው፤ በገብስና በስንዴ ማሳ ላይ ሲረጭ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ለይቶ ይገድላል፣ አዝመራውን ይተወዋል። የሚሠራው የዕፅዋትን የዕድገት ሆርሞን አስመስሎ ነው። ተክሉ ከልክ በላይ እንዲያድግ ትእዛዝ የተሰጠው ይመስለዋል፤ ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ራሱን በራሱ አዳክሞ ይሞታል። ገብስና ስንዴ የሣር ወገን በመሆናቸው ይቋቋሙታል። አደይና መጭ ግን ሰፊ ቅጠል ከሚባሉት ናቸው፤ መድኃኒቱ ጠላቱን ሲለይ የአደይ ቅጠል መሰነጣጠቁን አይቶ አይምራትም። ነፋስ ሲኖር ደግሞ ከማሳው ወጥቶ ድንበሩን ይነካል። አደይ የምትኖረው ድንበሩ ላይ ነው።

«ጎረቤቶችዎ ይረጫሉ?» አለች መምህሯ።

«እኔም እረጫለሁ።»

«አንቱም?»

«እረጫለሁ እንጂ! ልጆቼ ጎንደርና መተማ ገቡ። አራሚ ከየት ይምጣ? ድሮ በደቦ ነበር፣ አሥር አሥራ አምስት ሰው ወርዶ በአንድ ቀን ይጨርሳል። አሁን ለአንድ ቀን ጉልበት የሚጠየቀውን ገንዘብ ብታውቂ መድኃኒቱ ይረክሳል።» ትንሽ ቆዩና ቀጠሉ። «ግን ድንበሯን አልነካትም። ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ እረጫለሁ። ከካቡ ወዲህ አንድ ሦስት እርምጃ ያህል እተዋለሁ። ለንቦቼ ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።»

መምህሯ ልትከራከር የተዘጋጀች ትመስል ነበር፤ ተወችው። እርሷ ደሞዝተኛ ናት፤ ገብሷን አረም አይወርረውም። ድንበሩስ ቢሆን? መሬት በውርስ እየተከፋፈለ ሲሄድ አንድ ጥማድ የነበረው ሁለት ይሆናል፤ ግጦሹም እዳሪውም ይታረሳል። ሦስት እርምጃ መተው ሦስት እርምጃ ገብስ መተው ነው። አገር አዲስ ዓመቱን በስሟ ይቆጥራል፣ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስታዲየም በስሟ ይጠራል፣ በየፖስታ ካርዱና በየማስታወቂያው ላይ ትሳላለች፤ የምትበቅልበትን መሬት የሚከፍለው ግን የዳባትና የወገራ ገበሬ ነው። ይህ ሒሳብ በየትኛውም የበዓል ንግግር ላይ ሲነሳ አይሰማም።

«እኔ ከነሥሯ አልነቀልኩም» አለች ልጅቷ በድንገት። «በጥርሴ ነው የቆረጥኳት።»

ሁለቱም ሳቁ። በእርግጥም አምስቱ አደዮች ከወገባቸው ላይ ተቆርጠዋል። ሁለቱ መጮች ግን ከነአፈራቸው ናቸው፤ እነርሱን የነቀለቻቸው ከሽማግሌው የኑግ ማሳ ውስጥ ነበርና ሳታውቀው አርማላቸዋለች።

«ይኸውልሽ» አሉ ሽማግሌው ለመምህሯ። «ከአንቺ ተማሪዎች ይልቅ ለኔ ጠቅማኛለች።»

ጀንበር ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ንቦቹ ወደ ቀፎ መመለስ ጀመሩ፤ የኋላ እግራቸው ላይ ያለው የብናኝ ጥቅል ብርቱካንማ ነው። ልጅቷ እንግጫውን በጣቶቿ እየፈተለች መጎንጎን ያዘች። እናቷ መጮቹን ልታነሳባት ስትል እጇን ያዘቻት።

«ተያቸው፣ እማ። ቦታ ይሞላሉ።»

በማግስቱ ጠዋት ከምሰሶው ላይ የታሰረው ጉንጉን አምስት አደይና ሁለት መጭ ነበረበት።